ሰማንያ ዓመት ከአንድ ቀን
የለንደን አፓርትመንት ሊዝ ማራዘሚያ ስንት ያስከፍላል? መቼስ ቢራዘም ያዋጣል?

በለንደን የቤት ጨረታ ዝርዝር ላይ በአንድ ሕንፃና በአንድ ፎቅ የሚገኙ፣ ስፋታቸውም እኩል የሆነ ሁለት አፓርትመንቶች ቀርበው የአንዱ መነሻ ዋጋ ከሌላው በአሥር ሺሕዎች ፓውንድ አንሶ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ርካሹ ቤት ጣሪያው አያፈስም፤ ግድግዳውም አልተሰነጠቀም። ምክንያቱ በዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሰፍሮ ይገኛል፦ ቀሪ የሊዝ ዘመን 58 ዓመት። ይህችን መስመር ሳያነብ የተጫረተ ሰው መዶሻው እንዳረፈ 10 በመቶ ቀብድ ይከፍልና ቀሪውን ለመበደር ባንክ ሲሄድ ፊት ይነሣል። አበዳሪዎች ቀሪ ዘመኑ ከ70 ዓመት በታች የወረደን አፓርትመንት በመያዣነት ለመቀበል ያንገራግራሉና ነው። ገዢው በጥሬ ገንዘብ ካልጨረሰው ቀብዱ ቀለጠ ማለት ነው።

ለመሆኑ ባለቤቱ ሸጦ ከመውጣቱ በፊት ሊዙን ለምን አላራዘመም? ማራዘምስ ስንት ያስወጣል? ጉዳዩ ለንደን ውስጥ ዘመድ ያለውን ብቻ ሳይሆን እዚህ አገር በሊዝ ቦታ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰውን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየቱ አይከፋም። (ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው በእንግሊዝና በዌልስ አፓርትመንት "ገዛሁ" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የገዛው በዚያ ቤት ለ99፣ ለ125 ወይም ለ999 ዓመት የመኖር መብት ነው። መሬቱና የሕንፃው አካል እንግሊዞች "ፍሪሆልድ" የሚሉት መብት ያለው የሌላ ሰው፣ ማለትም የባለመሬቱ ነው። የሊዙ ዘመን ሲያልቅ ቤቱም ወደ እርሱ ይመለሳል። በእንግሊዝ ብቻ በዚህ ሥርዓት የተያዙት ቤቶች ወደ 5 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ ስላላት ከዚህ ታሪክ ውጭ ናት። ባለመሬቱ ማን ነው ቢባል መልሱ ብዙ ነው። በሜይፌርና በቤልግሬቪያ የዌስትሚኒስተር ዱክ ቤተሰብ የሆነው ግሮቭነር፣ በቼልሲ ካዶጋን፣ በሌላው ሠፈር ደግሞ የአካባቢ ምክር ቤት፣ የጡረታ ፈንድ ወይም ስሙ የማይታወቅ ትንሽ ኩባንያ ሊሆን ይችላል።

የእኛ አገር ሊዝ በስም ከዚህ ጋር አንድ ቢሆንም ባለመሬቱ መንግሥት መሆኑ ይለየዋል። የመጀመሪያው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 80፣ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሲደነግግ፣ እድሳቱ በዚያን ጊዜ በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋ እንደሚሆንና ባለይዞታው ዘመኑ ከማለቁ ከ10 እስከ 2 ዓመት በፊት በጽሑፍ ማመልከት እንዳለበት አስፍሯል። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን ተገባዶ እድሳቱ በገበያ የተፈተነበት አጋጣሚ ግን ገና አልመጣም። በመሆኑም አዲስ አበባ ላይ ደላላው "ሊዙ ስንት ቀረው?" ብሎ ሲጠይቅ ያልተከፈለውን ዕዳ ማለቱ ነው፤ የቀሩትን ዓመታት የሚጠይቅ የለም። ለንደን ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው የዓመት ነገር ነው።

የለንደኑ ባለሊዝ ሊዙን በግድ የማራዘም መብት ያገኘው በ1993 በወጣው የቤቶችና የሊዝ ማሻሻያ ሕግ ነው። በአጋጣሚ የእኛም የመጀመሪያ ሊዝ አዋጅ በዚያው ዓመት መውጣቱን ልብ ይሏል። በእንግሊዙ ሕግ መሠረት ባለሊዙ ተገቢውን ዋጋ ከከፈለ ባለመሬቱ ወደደም ጠላም በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት ይጨመርለታል። ዓመታዊው የመሬት ኪራይ ደግሞ ወደ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ይወርዳል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ውሉ ላይ በዚሁ ቃል ይጻፋል። በእንግሊዝ ሕግ ውል እንዲጸና አንዳች ዋጋ ሊኖረው ስለሚገባ ከጥንት ጀምሮ ምንም ላለመክፈል የሚጻፈው ዋጋ ቁንዶ በርበሬ ነው። ፍሬዋን ሊሰበስብ የመጣ ባለመሬት ግን አልተሰማም። በጊዜው የነበሩት የዌስትሚኒስተር ዱክ በሕጉ ተቆጥተው ከኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት እስከ ማቋረጥ ደርሰዋል። ለዱኩ ጉዳዩ ከመርህ በላይ የሒሳብ ጉዳይ መሆኑን ለመገመት አያዳግትም።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዋጋው ሦስት ክፍሎች አሉት።

አንደኛው ባለመሬቱ ቤቱን የሚረከብበት ቀን በ90 ዓመት ስለሚገፋበት የሚከፈለው ካሣ ነው። ረጅም ሊዝ ቢኖረው 400,000 ፓውንድ የሚያወጣ አፓርትመንት እንውሰድ። 81 ዓመት ቀርቶታል እንበል። ባለመሬቱ ከ81 ዓመት በኋላ 400,000 ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ይረከባል፤ ይህ ተስፋ ዛሬ ስንት ያወጣል? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው የወደፊትን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የመመለስ ስሌት ነው። በዓመት 5 በመቶ ሲሰላ ወደ 7,700 ፓውንድ ግድም ይመጣል። ሊዙ ከተራዘመ በኋላ የሚቀርለት ከ100 ፓውንድ አይበልጥምና ካሣው በግርድፉ 7,600 ነው።

አምስት በመቶ የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ካዶጋን ከባለሊዞች ጋር በተከራከረበትና ስፖርቴሊ በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ በ2006 የመሬት ጉዳይ ትሪቡናል ለአፓርትመንት 5፣ ለሌሎች ቤቶች 4.75 በመቶ ሲል ወሰነ። ከዚያ በፊት በማዕከላዊ ለንደን የተለመደው 6 በመቶ ነበር። አንድ በመቶ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በምሳሌያችን በ6 በመቶ ቢሰላ የባለመሬቱ ተስፋ የዛሬ ዋጋው 3,600 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበር። በአንድ ውሳኔ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ያዝ ያድርግልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ባለመሬቱ የሚያጣው የመሬት ኪራይ ነው። በዓመት 10 ፓውንድ ለሚከፍል ሰው ከቁጥር አይገባም፤ በየአሥር ዓመቱ እጥፍ የሚሆን ኪራይ ለፈረመ ሰው ግን ዋናው ወጪ እርሱ ሊሆን ይችላል። ከሰኔ 2022 መጨረሻ ጀምሮ በሚፈረሙ አዳዲስ የመኖሪያ ሊዞች ላይ ከቁንዶ በርበሬዋ በላይ ኪራይ መጠየቅ በሕግ ተከልክሏል። የቀድሞዎቹ ውሎች ግን በዚህ ሕግ አልተነኩም።

ሦስተኛው እንግሊዞች "የጋብቻ ዋጋ" የሚሉት ነው። አጭር ሊዝ በባለሊዙ እጅ፣ የመረከብ መብቱ በባለመሬቱ እጅ ተለያይተው ሲገመቱ ድምራቸው ከሙሉው ቤት ዋጋ ያንሳል። ሁለቱ ሲጋቡ ትርፍ ይወለዳል። ሕጉ ይህ ትርፍ እኩል ይከፈል ይላል። ነገር ግን በ2002 የወጣው ማሻሻያ አንድ መስመር አሰመረ፦ ማስታወቂያው በተሰጠበት ቀን የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በላይ ከሆነ የጋብቻው ዋጋ ዜሮ ነው።

የገበያው ሁሉ ጣጣ ከዚህ መስመር ይጀምራል። ያው የ400,000 ፓውንድ አፓርትመንት 79 ዓመት ቢቀረውና አጭር ሊዝ እንደያዘ የሚያወጣው የሙሉውን 93 በመቶ ነው ብለን ብንነሣ፣ የባለመሬቱ የጋብቻ ድርሻ ወደ 9,800 ፓውንድ ይሆናል። ከካሣው ጋር ሲደመር ማራዘሚያው 18,200 ገደማ ይደርሳል። በ81 ዓመት 7,600 የነበረው ማለት ነው። 70 ዓመት ሲቀረውና ንጽጽሩ ወደ 89 በመቶ ሲወርድ 28,500 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 10,600 ፓውንድ ሲያስጨምሩ የቀጣዮቹ ዘጠኝ ዓመታት ጭማሪ 10,300 መሆኑን ልብ ይበሉ። ከሁለቱ ዓመታት ጭማሪም አብዛኛው የሚመጣው በአንዲት ሌሊት ነው። 80 ዓመት ከአንድ ቀን የቀረው ሰው ከጋብቻው ዋጋ ነፃ ሲሆን ድፍን 80 ዓመት የቀረው ይከፍላል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትርፍን ለሁለት መክፈል በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የተለያዩ መብቶች ሲገናኙ ተጨማሪ ዋጋ መፈጠሩ እውነት ነው። ሰማንያ የሚለው ቁጥር ግን የኢኮኖሚ መሠረት የለውም። ሰባ አምስትም ሊሆን ይችል ነበር። ገበያ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ነገር ሕግ ገደል ሲያደርገው ትርፉ ቀን ለሚቆጥር ነው።

93 እና 89 በመቶ ያልናቸው ንጽጽሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። በተግባር ገማቾች የሚከራከሩት በእነዚህ ላይ ነው። በ2016 ማንዲ በተባለው መዝገብ ባለሊዞች ክፍያቸውን በብዙ የሚቀንስ አዲስ የስሌት ዘዴ ይዘው ቀርበው ነበር። ትሪቡናሉ አልተቀበለውም፤ በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን አጸና። ስለዚህ እዚያ ሊዝ የሚያራዝም ሰው ዕድሉን የሚወስነው ገማቹ ነውና ርካሽ ገማች ፍለጋ መዞር አያዋጣም።

አሁን ወደ ወገኖቻችን እንምጣ። በደርግ ዘመን ተሰደው ለንደን ከገቡት ኢትዮጵያውያን መካከል በምክር ቤት ቤት ተከራይተው የኖሩና በኋላም ተከራዩ ቤቱን በቅናሽ እንዲገዛ በ1980 በወጣው ሕግ ባለቤት የሆኑ አሉ። በዚያ ሕግ አፓርትመንት የሚሸጠው እንደ ደንቡ በ125 ዓመት ሊዝ ሲሆን የመሬት ኪራዩም በዓመት ከ10 ፓውንድ አይበልጥም። ሽያጩ የተጀመረው ያኔ ነው። 1981 ላይ 45 ይደመር፤ 2026 ይሆናል። 125 ሲቀነስ 45፣ ሰማንያ! የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሊዞች ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሰዋል፤ ቀሪዎቹም በየዓመቱ ተራ በተራ ይከተላሉ።

"እኔ የገዛሁት በ1998 ነው፤ ጊዜ አለኝ" የሚልም አይዘናጋ። ሕጉ ለምክር ቤቶች አንድ ፈቃድ ሰጥቷቸው ነበር። በሕንፃው ውስጥ ቀድሞ የተሸጠ አፓርትመንት ካለ የኋለኛው ገዢ ሊዝ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ እንዲያልቅ ማድረግ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት በ1998 ገዝቶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 108 ዓመት ብቻ የተቀበለ ሰው ሊኖር ይችላል። እውነቱ የሚገኘው በሊዙ ውል ላይ "ከዚህ ቀን ጀምሮ" በሚለው መስመር እንጂ በግዢው ቀን አይደለም። ወላጅ አርፎ ልጆች ቤቱን ለመካፈል ሲሸጡ ወይም አንዱ ሌላውን አስወጥቶ ለመያዝ ሲበደር ነው ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚገለጠው። ያኔ ከባንኩ ጋርም ከገዢውም ጋር የሚደረገው ድርድር በአጭር ሊዝ ዋጋ ይሆናል።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚሆነው ሕጉ ራሱ ሊለወጥ ባለበት ሰዓት ነው። በግንቦት 2024 የእንግሊዝ ፓርላማ ያጸደቀው የሊዝና የፍሪሆልድ ማሻሻያ ሕግ የጋብቻን ዋጋ ጭራሽ ይሰርዛል። ማራዘሚያውን ከ90 ወደ 990 ዓመት ያሳድጋል። ባለሊዙ የባለመሬቱን የጠበቃና የገማች ወጪ መሸፈኑንም በአመዛኙ ያስቀራል። ከጥር 31 ቀን 2025 ጀምሮ ገዢው ለማራዘም ሁለት ዓመት በባለቤትነት መቆየት አለበት የሚለው ግዴታ ቀርቷል። ዋናው የዋጋ ክፍል ግን በሚኒስትሩ መመሪያ ሥራ ላይ እስኪውል የሚጠብቅ ሲሆን እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ አልዋለም ነበር። ታላላቅ ባለመሬቶች የንብረት መብታችን ተነካ ብለው ያቀረቡትን ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥቅምት 2025 ውድቅ አድርጎባቸዋል።

እንግዲህ ጥያቄው የነጋዴ ጥያቄ ነው፦ ይጠበቅ ወይስ ይከፈል? ደላሎች "የጋብቻው ዋጋ ሊቀር ነው፤ ጠብቁ" ሲሉ ይሰማሉ። ግማሽ እውነት ነው። 79 ዓመት ለቀረው ሰው በምሳሌያችን 9,800 ፓውንድ ሊተርፈው ይችላል፤ የመጠበቂያው ዋጋ ደግሞ በዓመት ወደ 1,100 ፓውንድ ነው። ለመሸጥም ለመበደርም የማይቸኩል ሰው መጠበቁ ያስኬዳል።

ነገር ግን ያዝ ያድርጉልን ያልነው ቁጥር እዚህ ላይ ይመጣል። በአዲሱ ሕግ የስሌቱን መቶኛ የሚወስነው ትሪቡናል ሳይሆን ሚኒስትሩ ነው። ከ5 ወደ 4 በመቶ ቢያወርደው የ79 ዓመቱ ባለሊዝ ያለ አንዳች የጋብቻ ዋጋ 18,000 ፓውንድ ይከፍላል። በቀድሞው ሕግ ይከፍል ከነበረው 18,200 ጋር ሲተያይ የተሰረዘው ጋብቻ በመቶኛው በኩል ተመልሶ ገባ ማለት ነው። 81 ዓመት የቀረው ሰውማ ከስረዛው የሚያገኘው የለም፤ የሚሰረዝለት ነገር የለውምና። በ4 በመቶ ቢሰላ ግን የእርሱ 7,600 ወደ 16,700 ያድጋል። ለዚህ ሰው መጠበቅ ቁማር ነው፤ ያውም የሚያሸንፍበት ጥቂት፣ የሚያጣው ብዙ የሆነ።

ከገደሉ አፋፍ ያለ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ዋጋው የሚቆረጠው ውሉ በሚፈረምበት ሳይሆን በሕጉ አንቀጽ 42 መሠረት ማስታወቂያው ለባለመሬቱ በሚደርስበት ቀን መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ክርክሩ ዓመት ቢፈጅም ሰዓቱ ቆሟል። ባለመሬቱ ምላሹን የሚሰጥበት ቀን በማስታወቂያው ላይ ይጠቀሳል፤ ከሁለት ወር ማነስ የለበትም። እስከዚያው ከቀረበው ዋጋ 10 በመቶ ወይም 250 ፓውንድ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ በቀብድነት ሊጠይቅ ይችላል። ምላሹ ከመጣና በዋጋው ካልተስማሙ ከሁለተኛው ወር በኋላ፣ ስድስተኛው ወር ሳይሞላ ወደ ትሪቡናል መሄድ ግድ ነው። ስድስት ወሩ ካለፈ ማስታወቂያው እንደተሰረዘ ይቆጠራል፤ ሌላ ለማስገባትም አንድ ዓመት ይጠበቃል። በዚያ ዓመት ውስጥ 80 የተሻገረ ሰው ጉዳቱን ለማስላት ቁጥሩ ከላይ አለለት።

ባለመሬቱም ቀን ይስታል። በቀነ ገደቡ ምላሽ ካልሰጠ ባለሊዙ በራሱ ማስታወቂያ ላይ በጻፈው ዋጋ እንዲራዘምለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ብልጦች ታዲያ "ምናልባት ይረሳው" ብለው እጅግ ዝቅተኛ ዋጋ ይጽፋሉ። በ1998 ካዶጋን ከሞሪስ ጋር በተከራከሩበት መዝገብ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የተመለከተው እንዲህ ዓይነቱን ማስታወቂያ ነበር። ባለሊዙ ውድ ለሆነ የቼልሲ ሊዝ ማራዘሚያ ያቀረበው 100 ፓውንድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ዋጋው እውነተኛ ሐሳብ መሆን አለበት ሲል ማስታወቂያውን ከነጭራሹ ዋጋ ቢስ አደረገው።